ከአራት መቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ በኋላ

የመዝገብ ሠራተኛው ኦሪን ባኬ በመዝገብ ቤቱ መሰላል ሥር ተንጋሎ፣ ሞቶ የተገኘው ዓርብ ማለዳ ነው። ያገኘው የአምዳል እህል ማከማቻ ድርጅት ፎርማን ድዋይት ኮፕል ሲሆን፣ ኮኒ ራስሙሰን እስክትደርስ በሩ ላይ ቆሞ ማንንም አላስገባም። ኮኒ የሸሪፉ መርማሪ ናት። ጡረታ ልትወጣ አራት ወር ቀርቷታል። ቀኑን ሙሉ የሱፍ ፍሬ ትቆረጥምና ገለባውን በወረቀት ኩባያ ትተፋለች፤ የሄልጋ ከተማ ሰው በዚህ ቢያማትም ጉዳይዋ አይደለም።

የድርጅቱ ሰዎች አንድ ቃል ሆኑ፦ ሽማግሌው ካርቶን ሊያወርድ ወጥቶ ወደቀ። ኮኒ መሰላሉን አየችው። ከሁለተኛው መርገጫ በላይ የተጋገረው አቧራ አልተነካም። የብረት ቁም ሣጥኑን ጥግ በባትሪ ስትመለከት ደግሞ ተጠርጎ ያልለቀቀ ደም አገኘች። ኦሪን መሰላሉ ላይ ካልወጣ ከየት ይወድቃል? ሰው ገፍቶታል፤ ከዚያም ጎትቶ እዚያ አስተኝቶታል።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ካርቶን ሰነድና ሟቹ ገጽ የሚቆጥርበት ማኅተም ነበሩ። ማኅተሙ ወረቀት ላይ በተጫኑት ቁጥር በራሱ ወደሚቀጥለው ቁጥር የሚዞር አሮጌ ብረት ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው የመጨረሻ ገጽ 412 ይላል። ኮኒ ማኅተሙን በራሷ ማስታወሻ ላይ ተጫነችው። 428 ብሎ መታ። አሥራ አምስት ገጽ ጎድሏል ማለት ነው።

ሰነዱ ለምን እንደሚሰበሰብ በከተማው የማያውቅ የለም። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳው ማርዴል ሁልት ኮሪ የሚባለውን የድርጅቱን ሠራተኛ አንድ ልጇን ያጣችው ባለፈው መከር ነው፤ ሦስተኛው ጎተራ ውስጥ ማሽኑ ተነስቶ እህሉ ዋጠው። ድርጅቱ፣ ማንንም ሳይጠይቅ የገባ ግድየለሽ ነው አለ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ለማርዴል ልጇን ሁለቴ የቀበሩባት ያህል ነበር። ከሰሰች። ጠበቃዋ የጥገና ደብተሩን በጽሑፍ ሲጠይቅ ድርጅቱ ስምንት ወር ሙሉ «የለም» እያለ መለሰ። በመጨረሻ ዳኛው ተማረሩና አዘዙ፦ የሦስተኛውን ጎተራ የሁለት ዓመት ወረቀት በሙሉ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት አስረክቡ፤ የሌለውን ደግሞ በመሐላ ዘርዝሩ።

ኮኒ ከድዋይት ጀመረች።

«ደብተሩ ነበር ወይስ አልነበረም?»

ድዋይት ቆቡን አውልቆ ጨበጠው። «ነበር። ዘጠና ስድስት ቅጠል ነው፤ የሁሉም ጎተራ ጥገና ይጻፍበታል። ደብቄው ነበር። ሐሙስ ኦሪን ‹ዳኛው አዘዋል እኮ፣ ድዋይት› ሲለኝ አፈርኩና ከምሳ በኋላ ሰጠሁት። ስምንት ወር ለምን ዝም አልክ ብትዪኝ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ።»

የድርጅቱ ባለቤት ሮይስ አምዳል ሐሙስን ፋርጎ ከተማ ሐኪም ቤት ጉልበቱን ሲያሳይ ውሎ ነበር፤ ኮኒ ደውላ አረጋገጠች። መሐላውን ግን እሱ አይደል የፈረመው? የድርጅቱ ጠበቃ ያመጣችውን ሁሉ ሳያነብ እንደሚፈርም፣ የመጨረሻዋንም ገጽ ረቡዕ ፈርሞ እንደሰጣት ተናገረ።

የዚህችው ጠበቃ የጃኒን ታልቦት ቢሮ ሁለት መንገድ ማዶ ነው። ሐሙስን ከዚያ እንዳልወጣች፣ መልሱንም አመሻሹ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለፍርድ ቤቱ እንደላከች ነግራ ቅጂውን ሰጠቻት። ከጠፉት ሰነዶች መካከል አንዱ መስመር እንዲህ ይላል፦ «የጥገና ደብተር፤ 15 ገጽ፤ በጎርፍ የጠፋ።» ኮኒ መቆርጠሟን አቆመች።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም በሠራተኞቹ ምሳ ክፍል ሰበሰበች። የሰፈሩ ሴቶች ለሐዘኑ ያመጡት በምድጃ የተጋገረ የድንች ካሰሮል ማንም ሳይነካው ቀዝቅዟል። ማርዴልም ተጠርታ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች።

«ሮይስ፣ የጥገና ደብተሩ ስንት ገጽ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ድዋይት?»

«ነገርኩሽ እኮ። ዘጠና ስድስት ቅጠል።»

«ጃኒን?»

ጠበቃዋ ዓይኗን ወደ በሩ ሰደደች።

ኮኒ ኩባያዋን አስቀምጣ ነገሩን በዝግታ ፈታችው። ኦሪን እንደ ትእዛዙ ከደብተሩ የሦስተኛውን ጎተራ ሁለት ዓመት ብቻ ለይቶ ገለበጠና ማኅተም መታበት። አሥራ አምስት ገጽ ሆነ። ያ ቁጥር ከሐሙስ ከሰዓት በፊት በዓለም ላይ አልነበረም፤ ያየው ኦሪንና ጠረጴዛው አጠገብ የቆመ ሰው ብቻ ነው። በጎርፍ የሄደ ደብተርማ ማን ይቆጥረዋል? የሟቹ ስልክ ደግሞ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ጃኒን ቢሮ ደውሏል። ሰነድ ሁሉ አስቀድሞ በጠበቃ እጅ ያልፋልና የምሥራቹን ሊነግራት ነበር። እሷ ግን ባለፈው ወር ዳኛው ፊት ቆማ፣ በገዛ እጄ ፈልጌ አጣሁት ብላለች። ደብተሩ ከወጣ የጥብቅና ፈቃዷ መነጠቁ ነው።

«የገጽ ብዛት ያልተጻፈበትን ዝርዝር ፍርድ ቤቱ ይመልሳል» አለች ኮኒ። «አንቺ በሃያ ስድስት ዓመት አንድም ወረቀት አልተመለሰብሽም። ያቺን ቦታ ባዶ ብትተዪያት እኔም እስካሁን ቤቴ ገብቼ ነበር።»

ጃኒን እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «እስከ ሰኞ ቆይልኝ ነው ያልኩት። ወረቀቱን አቅፎ ‹ማርዴልን ምን እላታለሁ› አለኝ። ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም።»

«ወረቀቱስ?»

«ሰነድ አጥፍቼ አላውቅም።»

ኮኒ ታምናታለች። ይህን ጠባይዋን ገምታም ከስብሰባው በፊት የብርበራ ፈቃድ አውጥታ ፖሊሶችን የላከችው ወደ ጃኒን የፋይል ሣጥን ነበር። ደብተሩም አሥራ አምስቱም ገጾች በተራ ቁጥራቸው ተሰድረው ተገኝተዋል። አሁን ግልባጩን ሮይስ ፊት አስቀመጠችና ሰዓቷን አየች።

«ዳኛው እስከ አሥራ አንድ ነው ያሉት። ሃያ ደቂቃ አለህ።»

ሮይስ የመጨረሻዋን ገጽ አነበበ፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ጃኒንን ቀና ብሎ አየ፤ ፖሊሱ እያስነሳት ነበር። ወረቀቱን በአንድ ጣቱ ወደ ማርዴል ገፋው።

ገጽ 427 ነው፤ የተጻፈው ልጇ በሞተበት ዋዜማ። ማርዴል የእጅ ጽሑፉን ሳታነብ አወቀችው።

«የሦስተኛው ጎተራ ማጥፊያ አይይዝም። ቆልፈነውም ማሽኑ ይነሳል። ሳይጠገን መግባት ይቻላል ወይ ብዬ ሮይስን ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቅሁ። ነገ ግባ ብሎኛል። ኮሪ።»

ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፋ ካፖርቷ ውስጥ ከተተችና ሮይስን ሳይሆን ድዋይትን አየችው።

«ጠይቋል» አለች። «ልጄ ጠይቋል።»