ቅርፊት የሌለው ዓሣ

ካሣ ጎህ ሲቀድ ሞተ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ በሱዳን ገዳሪፍ የስደተኞች ሰፈር ሞት ብርቅ አልነበረም፤ የካሣ ግን ግራ አጋባ። ማታ ዓሣ በልቶ «ከንፈሬ ደነዘዘኝ» አለ፤ ቀጥሎ እጅ እግሩ አልታዘዝ አለው፤ በመጨረሻ ዓይኑ እያየ ትንፋሹ ቆመ።

ሚስቱ ማሬ «ዓሣውን ለእርቅ ብላ የሰጠችን ሳፊያ ናት» አለች። ጎረቤታሞቹ በውኃ ወረፋ ተጣልተው ስለነበር ሁሉም አመነ። የአገሩ ፖሊስ፣ ሹርጣው፣ ሳፊያን ሊወስዳት መጣ፤ ከወሰዳት ልጆቿ ሜዳ ላይ መቅረታቸው ነው። አብሯቸው የተሰደደው የቀድሞው የመተማ ፖሊስ ሃምሳ አለቃ አስናቀው ነገሩን እስኪያጣራ፣ ሽማግሌዎቹ ሹርጣውን ጊዜ ለመኑት። ርሃብ የአስናቀውን ሥጋ ቢጨርስም ዓይኑን አልነካበትም።

ሳፊያ ደጃፍ ላይ የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊትና ሪዛም የአምባዛ ጭንቅላት ተጥሏል።

«ለማሬ ዓሣ ሰጥተሻታል?» አላት አስናቀው።

«ዋላሂ አልሰጠኋትም። ከዚሁ ከሰፈሩ ጅረት፣ ከኾሩ ያወጣሁትን ከልጆቼ ጋር በላሁ።»

«አምባዛም ትበያለሽ?»

«ለእኛ ሐላል ነው። ቅርፊት የለውም ብላችሁ የምትተዉት እናንተ ክርስቲያኖቹ ናችሁ።»

ማሬ ደጃፍ አንድም ቅርፊት የለም። ከጎጆዋ ጀርባ ግን አስናቀው አዲስ የተቆፈረ አፈር አየ። በዱላው ሲጭረው ደቃቅ እሾህ ያለበት ቆዳና የወፍ ምንቃር የመሰለ መንጋጋ ወጣ። ይዞት ወደ ዓሣ አጥማጁ ኢስሃቅ ሄደ።

«ይህ ከኾሩ ነው?»

«ኾሩ በየበጋው ይደርቃል፤ ጭቃውን የሚችሉት ቆሮሶና አምባዛ ብቻ ናቸው። ይኼ የአትባራ ወንዝ ዓሣ ነው። ሲይዙት ሆዱን ነፍቶ ኳስ ያህላል። መርዝ ስለሆነ ዳር እንጥለዋለን።»

«የሚያነሳው አለ?»

«የቸገረው እርጉዝ ያገባል፣ ሃምሳ አለቃ። ሴቶች ይመጣሉ። ተዉ ስንላቸው ስስት ይመስላቸዋል።»

ከቀብር በኋላ ሹርጣውም ሰፈርተኛውም ከኒሙ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ።

«ሳፊያ የምታጠምደው ከኾሩ ነው፤ ይህ ዓሣ ኾሩ ውስጥ የለም» አለ አስናቀው። «ደግሞም ቅርፊት ያለው ዓሣ ይፋቃል እንጂ አይገፈፍም። ይህ ተገፎ ቆዳው ተቀብሯል። የአምባዛ ጭንቅላት ደጃፏ ላይ የምትጥል ሴት ምን ብላ ትቀብራለች? የቀበረው ሰው፣ ቅርፊት እንደሌለው ሊደብቅ ፈልጎ ነው። ከማን? ነፍሱ ብትወጣ ከማይቀምሰው ክርስቲያን፤ ከካሣ።»

ሁሉም ወደ ማሬ ዞረ።

«ባሌ እያየሁት በርሃብ አለቀብኝ» አለች። «እውነቱን ብነግረው አይበላም። ሳፊያ የላከችው ቆሮሶ ነው አልሁት። ኃጢአቱን ለእኔ አድርገው ብዬ እግዜርን ለመንሁ። የሚገድል መሆኑን ማን ነገረኝ?»

«አንቺስ ለምን አልበላሽም?»

«ለሁለት አይበቃም ነበር።»

«ሳፊያንስ ለምን?»

«አንዴ ከአፌ ወጣ፤ መመለሻው ጠፋኝ። በድያታለሁ።»

ሹርጣው ሳፊያን ለቀቃት። ማሬንም ሳይነካ ባዶ እጁን ሄደ። ሳፊያ ሄዳ ከማሬ አጠገብ ተቀመጠች።

«ከእንግዲህ አትባራ ዳር የተጣለ ዓሣ ማንም እንዳያነሳ» ሲል አስናቀው አስጠነቀቀ።

ከኋላ ልጅ ያዘለች ሴት «እሺ፣ ሃምሳ አለቃ» አለችው። «ታዲያ ምን እናብላቸው?»