እመት ቆርቆሮን ማን ፈጠራት?

«በይ እንግዲህ፣ ያንቺን መስመር አሳዪኝ» አሉ የሥዕል መምህሩ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው።

አሥራ ሁለቱ ገጾች በሥዕል ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛ ላይ በተራ ተዘርግተዋል። ግሬ ጎንበስ ብላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየቻቸው፤ ተመልሳም አየቻቸው። በሁሉም ላይ እመት ቆርቆሮ አለች። ጣራ ጠጋኟ ልዕለ ጀግና ከቆርቆሮ የተቀጠቀጠ ካባዋን በትከሻዋ ጣል አድርጋ፣ መዶሻዋን ከወገቧ ሻጥ አድርጋ፣ ጆሮዋን በሰው ጣራ ላይ ለጥፋ ከሥሩ የሚነገረውን ውሸት ሁሉ ትሰማለች። ከጥቁሩ ቀለም በቀር ግን በገጾቹ ላይ አንዳች የእርሳስ ጭረት አልነበረም።

«ሁሉም የኔ ናቸው» አለች ግሬ። «ቲቸር፣ በእርሳስ የሣልኳት እኔ ነኝ። እሷ በላዩ ላይ በብዕር ሄደችበት እንጂ…»

«እኔ የማየው የአንድ ሰው እጅ ነው። ከዳር እስከ ዳር ቀጭን፣ ጥንቁቅ መስመር።» መምህሩ ወደ ሌላይቱ ልጅ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ሌላይቱ ልጅ በእጅ ጽሑፏ ማማር ምክንያት የክፍል ጓደኞቿ ፊደል ብለው የሚጠሯት ናት። «የሣለችው እሷ ናት» ለማለት ሦስት ቃል ይበቃት ነበር። ፊደል ግን ዓይኗን በመስኮቱ አሻግራ ወደ ሜዳው ላከች።

«አብረን እንሆን ነበር» አለች በመጨረሻ። «አልፎ አልፎ ትረዳኝ ነበር።»

ግሬ ቀና ብላ አየቻት።

ሁለቱ ልጆች እመት ቆርቆሮን አንድ ዓመት ሙሉ የሠሯት እንዲህ ነበር። ግሬ ቅጽል ስሟ እንደሚናገረው በግራ እጇ ነው የምትሠራው፤ በብዕር ስትሥል እጇ ያልደረቀውን ቀለም እየጠረገ ስለሚያልፍ ገጹ ይጨማለቅባታል። ስለዚህ እርሷ በእርሳስ ትሥላለች። ፊደል በእርሳሱ ላይ በጥቁር ብዕር ትሄድበታለች፤ ቀለሙ ሲደርቅ የእርሳሱን መስመር በላጲስ ታጠፋለች፤ በተተወው ባዶ ቦታም የጀግናዋን ንግግር ትጽፋለች። የአንዷ ሥራ አምሮ እንዲታይ የሌላይቱ መጥፋት ነበረበት። ይህን አንዳቸውም ልብ ብለውት አያውቁም።

የታዳጊዎች መጽሔት የሥዕላዊ ታሪክ ውድድር ባወጣ ጊዜ ቅጹን የሞላችው ፊደል ናት፤ ጽሕፈት ሲሆን ሁልጊዜም ወደ እርሷ ይገፋል። «የገጸ ባሕርይዋ ፈጣሪ» ከሚለው ቀጥሎ አንድ ነጠላ መስመር ነበር። ለሁለት ስም አይበቃም ብላ የራሷን ጻፈችበት፤ ካሸነፍን እናስተካክለዋለን ስትል ለራሷ ቃል ገባች። አሸነፉ። ርእሰ መምህሯ በሰልፍ ላይ «ደራሲና ሠዓሊ» ብለው የእርሷን ስም ብቻ ሲጠሩና ጭብጨባው ሲቀልጥ፣ የማስተካከያው ጊዜ ያ ነበር። ጭብጨባው ግን ጣፈጣት። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ፤ ነገሩም እንደ ደረቀ ጭቃ ለመፋቅ እያስቸገረ ሄደ።

አሁን ከመጽሔቱ ደብዳቤ መጥቷል። እመት ቆርቆሮ በየወሩ ልትታተም ነው፤ ለዚህም ፈጣሪዋ የብቻዬ ሥራ ናት ብላ መፈረም አለባት። ከታች በትንንሽ ፊደል አንድ ዐረፍተ ነገር ተጨምሮበታል፦ የባለቤትነት ክርክር ያለበት ሥራ ሊሰረዝና ቦታው ለተከታዩ አሸናፊ ሊሰጥ ይችላል።

መምህሩ ገጾቹን ሰብስበው ለፊደል አስረከቧት። «ነገ በዕረፍት ሰዓት ይዘሻቸው ነይና ትፈርሚያለሽ።» ከዚያም ለግሬ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ማስረጃ የሌለው ክስ ስም ማጥፋት ነው፣ ልጄ። ተጠንቀቂ» አሏት።

ከክፍሉ እንደ ወጡ ግሬ መንገድ ዘጋችባት።

«ምላስሽን ዋጥሽው እንዴ? ‹አልፎ አልፎ ትረዳኝ ነበር?›» አለች የፊደልን ለስላሳ ድምፅ እያስመሰለች። «እኔ? ወረቀት አቀባይሽ ነበርኩ?»

«ታዲያ ምን ልበል? ስሟን ማን አወጣው? ንግግሯንስ? ‹ጣራችሁ ያፈሳል፤ አፋችሁ ግን ይብሳል› እያለ ግቢው ሁሉ የሚደጋግመው የማን ነው?»

«ያንቺ ነው። አንድ ቀን የኔ ነው ብያለሁ?»

«ያለ እኔ ቃል እኮ ጣራ ላይ የወጣች ሴትዮ ናት፣ በቃ!»

«ያለ እኔ ደግሞ ጣራም የላትም፣ ሴትዮም አይደለችም።» ግሬ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ስሚ፣ የኔ መስመር ብቻውን ተነሥቶ አልሄደም። ላጲሱን የያዘው እጅ ያንቺ ነው።»

በዚህ መሐል ወሬ የማያመልጠው፣ ሬዲዮ የሚባለው የክፍላቸው ልጅ ክንዱን ዘርግቶ ደረሰ። «ደራሲት ሆይ! ፊርማሽን እዚች ላይ! ነገ ስትከብሪ እሸጠዋለሁ።»

«ዞር በል» አለችው ፊደል።

ዞር ብላ ስታይ ግን የሄደችው ግሬ ነበረች።

የፊደል አባት ጠራዥ ነው። የሥራ ቤቱ ከመንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ስትሆን፣ ውስጧ በሙጫና በአሮጌ ወረቀት ሽታ የተሞላ ነው። ገጻቸው የተገነጣጠለ መዝገበ ቃላት፣ ጀርባቸው የተላጠ የትምህርት መጻሕፍት በመደርደሪያው ላይ እንደ ሕመምተኛ ተራ ይጠብቃሉ። ለውድድሩ የተላከው ቅጂ ነበር፤ አባቷ ዋናዎቹ ገጾች ወደ መጽሔቱ ከመላካቸው በፊት በጠንካራ ሽፋን ሊያለብሳቸው ቃል ገብቶላት ነበር።

ገጾቹን ተቀብሎ ጠርዛቸው እስኪስተካከል በጠረጴዛው ላይ ደጋግሞ አንኳኳቸው፤ ከዚያም ገለበጣቸውና እንደ ልማዱ የወረቀቱን ጀርባ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ጣቱ ቆመ። ተመልሶ እንደ ገና ዳሰሰ።

«ምን ሆነ፣ አባዬ?»

«ምንም። ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ተሄዶበታል።» ሁለተኛውን ገጽ አነሣ። «አንደኛው እጅ ብርቱ ነው፤ ሲጫን እንደ በሬ ያርሳል። ሁለተኛው በላዩ ላይ የሄደው እንደ ድመት ነው።» ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ‹እባክሽ ጫን አድርገሽ ጻፊ፣ ፈዝዞ አይታይም› ስትባዪ ያደግሽ ልጅ ነሽ።»

ፊደል ፊቷ ሲግል ተሰማት። አባቷ ግን አልገፋበትም፤ ክርና መርፌውን ፍለጋ መሳቢያውን ይጎረጉር ጀመር።

«ያቺ ጉደኛ ጓደኛሽስ? ሰሞኑን ጠፋችብኝ። ሙጫዬን ከጣሳው ጠርዝ እየላጠች ‹ጋሼ፣ ይህ ይበላል ወይ?› የምትለኝ ሰው አጣሁ እኮ።»

«ደህና ናት።»

«ደህና ከሆነች ደህና።» ክሩን በሰም አሸት አሸት አደረገው። «ሽፋኑ ላይ የማንን ስም ልጻፍ?»

ፊደል የመጻሕፍቱን ክምር አየች። ከጥያቄው ለመሸሽ ነበር የጠየቀችው። «አባዬ፣ ይህን ሁሉ መጽሐፍ ስትጠርዝ አንድም ቦታ ላይ ስምህ የለም። አይከፋህም?»

«ለምን ይከፋኛል? ስሜ ይግባ ብዬ አልጠየቅሁማ።» መርፌውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ክሩን አሾለከው። «ጠይቄ ‹አንተን አናውቅህም› ቢሉኝ ኖሮ ግን… እንጃልኝ፣ ልጄ።»

አንድ ደንበኛ የተቀደደ መጽሐፍ ይዞ ከደጅ ተጣራና አባቷ ወጣ።

ፊደል የመጀመሪያውን ገጽ ይዛ ወደ በሩ ተጠጋች። ወረቀቱን ጋደም አድርጋ በጎን ለሚመጣው ብርሃን ሰጠችው። ጥቁሩ ቀለም ፈዘዘና ከሥሩ ያለው ተገለጠ፦ እርሳሱ ተጭኖ የተወው ቦይ ከቀለሙ መስመር እዚህም እዚያም እየወጣ ነበር፤ ትከሻው ሦስት ጊዜ ተሞክሯል፤ ካባው መጀመሪያ አጭር ነበር፤ ፊቷ ተሥሎ፣ ተትቶ፣ እንደ ገና ተሥሏል። እርሷ በአንድ ጊዜ ያለፈችበትን መስመር ጓደኛዋ ስንቴ ፈልጋ እንዳገኘችው አሁን ገና አየች።

በገጹ የታችኛ ጥግ፣ ምንም ቀለም ባልነካው ቦታ፣ ሌላ ጥቃቅን ቦይ ነበር። ዓይኗን አቅርባ አነበበችው። «ፊደልና ግሬ» ይላል።

ሁለተኛውን ገጽ አነሣች። ፊደልና ግሬ። ሦስተኛውን። አሥራ ሁለቱም ላይ አለ።

ትዝ አላት። ለካ ገጽ በገጽ በብዕር ሳትሄድበት በላጲስ የጠረገችው ይህ ነበር። «ጥጉን ያቆሽሸዋል» ብላ ነበር ያን ጊዜ፤ «መጨረሻ ላይ አሳምሬ እጽፈዋለሁ።» ግሬም «እሺ፣ የጽሕፈት ሚኒስትሯ አንቺ ነሽ» ብላ ስቃ ነበር። መጨረሻው መጣ፤ አሳምራ የጻፈችውም ቅጹን ሆነ። ከሁሉ ይልቅ አንጀቷን የበላት ግን የስሞቹ ቅደም ተከተል ነበር። ግሬ በአሥራ ሁለቱም ገጾች ላይ ያስቀደመችው የእርሷን ስም ነው።

አባቷ ሲመለስ ገጾቹን በወረቀት ጠቅልላ ቆማለች። «አባዬ፣ አሁን አትጠርዛቸው» አለችው። ምክንያቱን አልጠየቃትም።

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ከመጽሔቱ የመጣው የፊርማ ቅጽ በሥዕል ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ፣ ብዕሩም በቅጹ ላይ ተጋድሞ ጠበቃት።

«ከታች፣ ነጥብ ነጥቡ ላይ» አሉ መምህሩ፣ የሌላ ክፍል ሥዕሎች እያረሙ።

የገጾቹን ጀርባ የሚዳስስ ሰው እንደማይኖር ፊደል ታውቃለች። ብትፈርም እመት ቆርቆሮ በየወሩ በሺህ ቤት ትገባለች፤ ባትፈርም ምናልባት ከዚህች ክፍል አትወጣም። ይህን ሌሊቱን ሙሉ ስታሰላስለው አድራ መልስ ያላገኘችለት ነገር ነበር፤ አሁንም አላገኘችለትም። ብዕሩን አነሣችና ከቅጹ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ቲቸር፣ ትናንት የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

መምህሩ ማረሙን አቆሙ። ፊደል የመጀመሪያውን ገጽ ገልብጣ ሰጠቻቸው። «በአውራ ጣትዎ ቀስ ብለው ይዳስሱት። ከዚያ ገልብጠው በመስኮቱ ብርሃን በጎን ይዩት፤ ጥጉን።»

ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ከመስኮቱ ሲመለሱ ፊታቸው የተከፋ ሰው ፊት ነበር።

«በሁሉም ላይ አለ?»

«በአሥራ ሁለቱም ላይ።»

«እኔ ደግሞ ያችን ልጅ ስም አጥፊ ብያታለሁ» አሉ፤ ለእርሷ ሳይሆን ለራሳቸው። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ይህን ለመጽሔቱ ስንጽፍ ሊሰርዙት ይችላሉ። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል» አለች ፊደል። ሆዷ ግን ገና አልገባውም ነበር።

ግሬን ሲያስጠሯት እጆቿን አጣምራ በሩ ላይ ቆመች። መምህሩ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ይቅርታ ጠየቋት፤ እርሷም «ምንም አይደል፣ ቲቸር» አለች፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ። ፊደል በወረቀቱ ላይ ያገኘችውን ስትነግራት ግን ቀና አለች።

«ማስረጃውን ፈልገሽ ስላገኘሽ ላመሰግንሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ያለ ማስረጃም ታውቂው ነበር እኮ።»

«አውቀው ነበር።»

ግሬ የተጣመሩ እጆቿን ፈታች። ይህን መልስ የጠበቀች አትመስልም።

«ለመጽሔቱ ደብዳቤ ልጽፍ ነው» አለች ፊደል። «ማን ምን እንደ ሠራ በዝርዝር። ከተሳሳትኩ አርሚኝ።»

ግሬ መጣችና በመካከላቸው አንድ ባዶ ወንበር ትታ ተቀመጠች። ፊደል እየጻፈች ጮክ ብላ አነበበች። ሥዕሉን ሁሉ ከመጀመሪያዋ ጭረት ጀምሮ የሠራችው ጓደኛዬ ናት። የቆርቆሮው ካባ የእርሷ ሐሳብ ነው።

«መዶሻውም» አለች ግሬ።

መዶሻውም። ስሟንና ንግግሯን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«‹አፋችሁ ግን ይብሳል› የሚለው አሪፍ ነው» አለች ግሬ፣ የማይወደውን ምግብ እንደሚያሞግስ እንግዳ። «እሱን አልክድሽም።»

ፊደል ቀጠለች፤ ከዚያም እጇ ቆመ። «ጆሮዋን ጣራ ላይ ለጥፋ ውሸት መስማቷስ?»

ያ ሐሳብ የራሷ እንደ ነበር ስትምል ነው የኖረችው። አሁን ያን ቀን ልታስታውስ ሞከረች፤ ዝናቡ በክፍሉ ጣራ ላይ ሲወርድ የመምህሩ ድምፅ ጠፍቶባቸው ነበር፤ ሁለቱም በአንድ ደብተር ላይ አጎንብሰው ሲስቁ አንዷ ይህን ሐሳብ ተናገረች። ሳቁን አገኘችው፤ ተናጋሪዋን አላገኘቻትም።

«አላውቅም» አለች።

ግሬ ለረጅም ጊዜ ጣራውን ትኩር ብላ አየች። በራሷ የተናደደች ትመስላለች። «እኔም አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «የኔ ነው ልልሽ ነበር።»

«እኔም።»

«እሱንም ጻፊው እንግዲህ።»

ፊደል ጻፈችው።