የስንቅ መርከቧ በር

«ሻምበል፣ ቶሎ ይምጡ! ባላንታ ሞቷል!»

የዕቃ ቤት ኃላፊው ባላንታ የተገኘው በሥጋ ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ ነበር። በሩ አንዴ ከተዘጋ ከውስጥ አይከፈትም። መርከቧ ጫካ ውስጥ ለዘመተው ጦር ስንቅ ጭና በፑቱማዮ ወንዝ ሽቅብ ስትጓዝ፣ ትናንት አሸዋ ላይ ተቀርቅራ ወደ ቀኝ ዘንበል እንዳለች ቀርታለች። የባሕር ኃይል መርማሪዋ ሻምበል ኒድያ ካይሴዶ የተሳፈረችው ለሌላ ጉዳይ ነበር። አሁን ምናልባት ከገዳይ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር መታሰሯ አንገበገባት።

የጉዞው አዛዥ መቶ አለቃ ሞንካዮ ግን ፍርዱን ጨርሷል። «ወጥ ሠሪው ነው! ጠዋት ሲጣሉ ሰምቻለሁ። ውሃው ሞልቶ እንደተንቀሳቀስን ለጦሩ አስረክበዋለሁ።»

«ስለ ሥጋ ነው የተጨቃጨቅነው!» አለ ሽማግሌው ወጥ ሠሪ አርሴስዮ። «እዚያ ከደረስኩ አለቀልኝ፣ ሻምበል።»

«ኧረ ተዉት ሽማግሌውን!» አለ የመርከቧ ነጂ ኤዲልሶን። «አሸዋውን ስንመታ በሩ ጓ ብሎ ሲዘጋ ሰምቻለሁ። ራሱ ተዘግቶበት ነው። እኔ መሪ ላይ ነበርኩ፣ ሁሉም አይቶኛል።»

ኒድያ ወደ ክፍሉ ወረደች። የሥጋ ሣጥኖቹ እንደገና ተደርድረው በገመድ ተጠምጥመዋል፤ ያልተቋጠረው የገመድ ጫፍ ሬሳው እጅ ውስጥ ነው። በሩን ሊዘጋ ጥቂት እስኪቀረው ገፋ አድርጋ ለቀቀችው። ተወርውሮ ተከፈተና ግድግዳው ላይ ተላተመ። ደግማ ሞከረችው፤ ያው ነው።

ሁሉንም ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሣጥኖቹ የወደቁት መርከቧ ስታዘነብል ነው። ባላንታ ሊያስራቸው የገባውም ከዚያ በኋላ ነው፤ በር የተዘጋበት ሰው ሣጥን አይደረድርም። ስለዚህ ስንቀረቀር በሕይወት ነበረ። ደግሞ እንዲህ እንዳዘነበልን ያ በር ራሱ ይከፈታል እንጂ አይዘጋም። የሰው እጅ ነው የዘጋው። ታዲያ ኤዲልሶን፣ ጓ ሲል የሰማኸው ምንድን ነው?»

ኤዲልሶን ወደ መውጫው አንድ እርምጃ አፈገፈገ።

«ሞቱን መሪ ላይ ወደነበርክበት ሰዓት ልትገፋው ነው የዋሸኸው።»

«መሪ ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ ነው አሸዋውን የመታነው» አለ። «ባላንታ አየኝ። እናገራለሁ አለ። ላስፈራራው ብዬ ነው የዘጋሁት… ከዚያ መክፈቱን ፈራሁ።»

አርሴስዮ ፊቱን በሽርጡ ሸፍኖ አለቀሰ። የኤዲልሶንን እጅ የፊጥኝ አሰሩት።

በነጋታው ወንዙ ሞላ፤ መርከቧም እያቃሰተች ከአሸዋው ተነሳች። ሞንካዮ ኒድያን ማየት አቃተው። «ጫካ ውስጥ ያሉት ልጆች ርቧቸዋል፣ ሻምበል። ይህን ወንዝ ደግሞ ከኤዲልሶን በቀር የሚያውቅ የለም።»

«እሱ ሊነዳን ነው?» አለ አርሴስዮ።

ኒድያ ወደ እስረኛው ሄደች። ገመዱን በገዛ እጇ ፈትታ ገዳዩን መሪው ላይ አቆመችው።