ሐኪሟ ከመፈረማቸው በፊት

«በሚቀጥለው ዓመትም አንድ ዴስክ ላይ ነን፣ አይደል?» አለች የሐኪሟ ልጅ።

በቁመቷ ማጠር ክፍሉ ሁሉ «ሚጢጢ» የሚላት ጓደኛዋ ወደ ተዘጋው በር ዞረች። ሁለቱ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆመዋል። ከበሩ ወዲያ ሐኪሟና ከንቲባው ውሉን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

መንግሥት ሰው ለሚሸሻቸው ከተሞች ከውጭ አገር ባለሙያ ለማምጣት አዲስ ደንብ አውጥቷል። አምስት ዓመት ለመሥራት የፈረመ ሐኪም ቤት በነፃ ያገኛል፤ ቤተሰቡም የመኖሪያ ፈቃድ ያገኛል። ሐኪሟ ሦስት ወር በሙከራ ሠርተዋል። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው፤ እሱንም «ልጄ እሺ ካለች» ብለዋል።

ሦስቱ ወር ለሚጢጢ ቤት እፎይታ ነበር። ከዚያ በፊት የሆስፒታሉ የኩላሊት ማጠቢያ ማሽን ሐኪም አጥቶ አቧራ ለብሶ ሲቀመጥ፣ ኩላሊቱ የደከመው አባቷ በሳምንት ሦስት ቀን የአራት ሰዓት መንገድ በአውቶቡስ ይንገላታ ነበር። ሲመለስ በሩን ተደግፎ «ታጥቤ መጥቻለሁ፣ የቀረኝ መሰጣት ነው» እያለ ያስቃቸው ነበር። ከዚያ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ይተኛ ነበር። ባለፈው ክረምት መንገድ ላይ ራሱን ስቶ ወድቋል። ሌላ እንዲህ ያለ ክረምት እንደማይችል ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም።

ጣጣው ማክሰኞ የመጣው ደብዳቤ ነው። ሁለቱ ልጆች አሥረኛ ክፍል በሚማሩበት ትምህርት ቤት ተማሪ ስላነሰ ከመጪው ዓመት ጀምሮ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይዘጋሉ። ለሚጢጢ የነገራት ማዘጋጃ ቤት የሚሠራው አጎቷ ነው።

«የሐኪሟ ልጅ ከጠየቀችሽ አሥራ አንደኛ አለ በያት» አላት ትናንት።

«ውሸት እኮ ነው፣ ጋሼ!»

«ምን ውሸት አለው? እንደገና ሊከፈት በዕቅድ ተይዟል። ደግሞ የአባትሽን ነገር አስቢ።»

ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አላሰበችም።

«ምነው ዘጋሽኝ?» አለች የሐኪሟ ልጅ እየሳቀች። «እኔ እንደሆን እሺ ልል ቆርጫለሁ። አገር ስንቀይር ሁለት ዓመት ትምህርት አምልጦኛል። ሦስተኛ ዓመት ካመለጠኝ አብዳለሁ። እዚህ ግን አሪፍ ነው፣ አንቺም አለሽ።»

«አዎ» ማለት አንዲት ቃል ናት። አባቷ ከአውቶቡስ ይገላገላል። ሚጢጢ ለአንድ አፍታ አባቷን ስለታመመ ጠላችው፤ ወዲያው በራሷ አፈረች።

«አሥራ አንደኛ ክፍል የለም» አለች። «ሊዘጋ ነው፣ ደብዳቤው መጥቷል። እንዳልነግርሽ ተብዬ ነበር።»

የሐኪሟ ልጅ ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። በሩ ተከፈተና ከንቲባው ብቅ አሉ።

«ነይ እንጂ ልጄ፣ አንቺን ብቻ ነው የምንጠብቀው።»

እሷ ግን ዓይኗን ከሚጢጢ ላይ አልነቀለችም።

«አባትሽስ?» አለቻት ቀስ ብላ።

ሚጢጢ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ግቢ» አለቻት። «እናትሽ እየጠበቁሽ ነው።»