ጥቁሩ ክር ከአልጋው ሥር

ሙሉዓለም በሆዷ ተኝታ ከአባቷ የጠፍር አልጋ ሥር እጇን ስትሰድ ጣቷ ያንኑ ነገር ነካ። ጥቁር ክር የተጠቀለለበት፣ አውራ ጣት የሚያህል እንጨት። ትናንት ከበሩ ኋላ ነበር። ከትናንት ወዲያ ደግሞ ከሁለቱ እንስራዎች መካከል። ክር እግር የለውምና አንድ ሰው ቦታውን ይለዋውጠዋል ማለት ነው። ያ ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም።

በቤቱ ያሉት ሦስት ሰዎች ናቸው። አባቷ አጥናፉ አራዳ ገበያ ዳር ኮርቻ ሲሰፋ ይውላል፤ ዛሬ ግን በዓል ስለሆነ ቅዳሴ ሄዷል። ሦስተኛዋ ሰገነት ናት፣ የእንጀራ እናቷ። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅርጫት ይዛ ከአፍንጮ በር መጣች፤ ሙሉዓለም ግን እስከ ዛሬ በስሟ ጠርታት አታውቅም። ሲቸግራት ጉሮሮዋን ጠረግ ታደርጋለች፣ በቃ።

ሰገነት አሁን ጓሮ ሆና ልብስ ታሰጣለች። እያሰጣችም ታነበንባለች።

«ሶብሬ… ባሆ… ዴትራስ… ኤንትሬ…»

ዳዊት አይደለም። ኦሮምኛም ጉራግኛም አይደለም፤ ዶሮ ማነቂያ አድጎ እነዚያን የማይለይ ጆሮ የለም። አባቷ ደግሞ ሰሞኑን ማሳል ጀምሯል። ሟች እናቷንም የጀመራት እንዲሁ በሳል ነበር። ከአልጋ ሥር የተደበቀ ጥቁር ክር፣ የማይታወቅ ቃል፣ የሚያስል ሰው፤ ሰፈሩ መተት የሚለው ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

ትናንት አክስቷ ዘንድ ሄዳ ሁሉንም የዘረገፈችው ለዚህ ነው። እትዬ ደብሪቱ የአባቷ ታላቅ ናቸው፤ አባቷን ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ ቃላቸውን አይገፋም።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ልጄ!» ነበር ያሉት። «ነገ ጊዮርጊስ ነው፣ አባትሽም ከቤት አይጠፋም። ከቅዳሴ መልስ እመጣለሁ። ዕቃውን ከቦታው እንዳታነሺብኝ። በዓይኔ ካየሁት ያቺ ሴት ዛሬ ነገ ሳትል ቅርጫቷን ይዛ ትወጣለች።»

የሰገነት ኮቴ ሲቀርብ ሙሉዓለም ተስፈንጥራ ተነሣች። ሰገነት ገብታ ከአልጋው ሥር ጎንበስ አለች፣ የሆነ ነገር በእጇ ጨብጣ ቀና አለች፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በጊዮርጊስ ቀን! ማስረጃው በሰገነት መዳፍ ውስጥ ሆኖ ሲሄድ ሙሉዓለም ቆማ ማየት አልቻለችም። ተከተለቻት።

ሰገነት በአቀበቱ ወጥታ የህንዶቹን ሱቅ አለፈችና የማዳም በር ላይ ቆመች። ማዳም ከእስፓኝ አገር የመጣች ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰገነት ልብስ የምታጥበው ለእሷ ነው። ሙሉዓለም በመስኮቱ ጥግ አጮለቀች።

ማዳም ክሩን ከሰገነት ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ሶብሬ!» አለች ሰገነት።

ማዳም ክሩን ከወንበሩ ሥር ወሸቀችው። «ባሆ!» ከመጋረጃው ኋላ አደረገችው። «ዴትራስ!» ከሁለት መቀሶች መካከል ስታኖረው ሰገነት ትንሽ ተጨነቀች፣ ከንፈሯን ነከሰች። «ኤን… ኤንትሬ!»

ማዳም አጨበጨበች፣ ሰገነት ሳቀች። ሙሉዓለም ይህን ሳቅ ቤታቸው ውስጥ ሰምታው አታውቅም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሷ ግን እባቡንም አላየችም። ፊቷ በሀፍረት ጋለ።

ሰገነት ስትወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«ምነው? አባትሽ አመመው እንዴ?»

«ኧረ ደኅና ነው። ያ ክር… ምን ትሠሪበታለሽ?»

ሰገነት ግራ ቀኝ አየች። «ለሰው እንዳትነግሪ። ማዳም አማርኛ አታውቅም። ጨርቁን እዚህ ላይ፣ እዚያ ሥር ስትለኝ አይገባኝም። አንድ ቀን ሐሩን ካውያ ሥር ጥዬባት ተቃጠለ። እስከ መስቀል ካልገባሽ ሌላ ሴት አመጣለሁ ብላ በአስተርጓሚ አስነገረችኝ። ከገባኝ ግን ስፌት መኪናውን ልታስተምረኝ ነው። ክሩን ቤት ውስጥ ቦታ እያለዋወጥኩ ቃሉን የማጠናው ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ለምን ትደብቂናለሽ?»

«አቅቶኝ ብቀርስ? "የዶሮ ማነቂያዋ ፈረንጅ" ብሎ ሰፈሩ አይስቅብኝም?»

ሙሉዓለም «እትዬ ደብሪቱ ቤት ሆነው እየጠበቁሽ ነው» ልትላት ፈለገች። እንዴት ብላ ትጀምር? ይህን ስታወጣ ስታወርድ ደጃፋቸው ደረሱ። የእትዬ ደብሪቱ በቅሎ አጥሩ ላይ ታስራለች።

እትዬ ደብሪቱ አልጋውን በጎኑ አቁመውታል። አባቷ ጥጉ ላይ ቆሞ ያስላል።

«መጣሽ ልጄ! ያ ዕቃ የታለ? ለአባትሽ አሳዪው።»

ሰገነት ወደ ሙሉዓለም ዞረች። ነገሩ ሲገባት ፊቷ ላይ ታየ። የጨበጠችውን እጇን ወደ ኋላ ሸሸገች።

«ይኸው! እጇ ውስጥ ነው!» ጮኹ እትዬ ደብሪቱ። «አጥናፉ፣ በዓይንህ እይ! የሚገድልህን ነገር እይ!»

«ሰገነት፣ ምንድን ነው?» አለ አባቷ። ድምፁ ውስጥ ፍርሃት ነበር።

ሰገነት ብትናገርስ ማን ያምናታል? የተያዘች መተተኛ የማትለው የለም ይባላል። ሙሉዓለም ይህን ታውቃለች፤ ትናንት ራሷም እንዲያ ነበር የምትለው። እሷ ራሷ ዝም ብትል ደግሞ ቅርጫቷን ይዛ የምትወጣው ሰገነት ናት።

ሄዳ የሰገነትን ጣቶች ቀስ አድርጋ ፈታችና ክሩን ወሰደች። መጀመሪያ በርጩማው ላይ አኖረችው።

«ሶብሬ። ላይ ማለት ነው።» ከበርጩማው ሥር አደረገችው። «ባሆ። ሥር።» ወደ በሩ ሄደች። «ዴትራስ። ኋላ።»

«በስመ አብ!» እትዬ ደብሪቱ አማተቡ። «ልጅቷንም አስነካቻት!»

«የእስፓኝ ቋንቋ ነው፣ አባዬ። ማዳም ናት የምታስተምረው። እኔ ሳልጠይቅ ጠርጥሬ ነው እትዬ ደብሪቱን የጠራሁት። አሁን ግን እኔም እማራለሁ። ከእትዬ ሰገነት ጋር።»

ስሟ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ሰገነት አንገቷን ደፋች፤ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

አባቷ ሚስቱን አየ፣ ልጁን አየ፣ ከዚያ በጎኑ የቆመውን አልጋ አየ።

«እትዬ» አለ በመጨረሻ፣ «እስቲ አንድ ወገን ይያዙልኝ። አልጋዬን እንመልሰው።»

እትዬ ደብሪቱ ያዙ። እንደያዙም «እኔ ግን አሁንም ጠርጥሬያለሁ» ማለታቸው አልቀረም፤ በቅሏቸው ላይ እስኪወጡ ድረስም ደጋገሙት።

በማግስቱ ጠዋት ሙሉዓለም ስትነቃ ክሩን ከራስጌዋ አገኘችው። በእጇ ይዛ ትንሽ ቆየች። ከጓሮ ልብስ የማስጣት ድምፅ ይሰማል፤ ዛሬ ግን የሚያነበንብ የለም። ተነሥታ በእግሯ ጣት እየረገጠች ከሁለቱ እንስራዎች መካከል አኖረችውና ሰገነት ወደ ቤት እስክትገባ መኝታዋ ላይ ተመልሳ ዓይኗን ጨፈነች።