እትዬ የሻረግና አምስቱ ድንቾች

ይህ የእትዬ የሻረግ ታሪክ ነው። ንጉሥ የለበትም፤ አንበሳም የለበትም። አንድ ድስት ግን አለበት።

እትዬ የሻረግ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ብቻቸውን።

ባል የላቸውም። ልጅ የላቸውም። ድመት እንኳ የላቸውም፤ ድመት ስትጠጋቸው ያስነጥሳቸዋል። ሃጥሽ!

ድሮ የሚኖሩበት ሰፈር ፈረሰ። ጎረቤቱ ሁሉ ወዲያና ወዲህ ተበተነ። የእትዬ የሻረግ እጣ እዚህ ወጣ፤ ከገቡ ሦስት ዓመት ሆናቸው።

እዚህ ሰው ሞልቷል። ከላይ ወንበር ይጎተታል፤ ኪርርር! ከታች ሕፃን ያለቅሳል፤ እንጓ! ከፊት ለፊት ሰው ይስቃል፤ ካካካ!

በሩ ሁሉ ግን ዝግ ነው።

በየቀኑ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ፣ እትዬ የሻረግ አንድ ድንች ይልጣሉ። ፍቅ! ፍቅ! ፍቅ!

ግማሽ ሽንኩርት ይከትፋሉ። ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ! ሌላውን ግማሽ በፌስታል ጠቅልለው ለነገ ያስቀምጡታል።

ትንሿ ድስታቸው ትፈላለች። ቱክ! ቱክ! ቱክ!

ከዚያ ምሳቸውን ጠረጴዛ ላይ ያቀርባሉ። እጃቸውን ይታጠባሉ። ዙሪያቸውን ያዩና «እንብላ!» ይላሉ።

ከጠዋት ጀምሮ ያወሩት ሰው ስለሌለ፣ ድምፃቸው ሻካራ ሆኖ ይወጣል።

ማንም አይመልስም። ወንበሩ ዝም። ግድግዳው ዝም። ማቀዝቀዣው ብቻ «ዝዝዝዝ» ይላል።

እትዬ የሻረግ ቶሎ ቶሎ ይበላሉ። ብቻውን የሚበላ ሰው ቶሎ ይጨርሳል፤ የሚያወራው የለውማ።

ደግሞ የድንቹ ነገር አለ።

እዚህ ሰፈር አንድ ድንች አይሸጥም። ድንች የሚሸጠው በመደብ ነው። አንድ መደብ ደግሞ አምስት ድንች ነው።

«አንድ ብቻ ስጪኝ፣ የኔ ልጅ» ይላሉ እትዬ የሻረግ።

«ውይ እትዬ! አንድ ድንች ለማን ይበቃል?» ትላለች ባለ ጉሊቷ እየሳቀች።

እትዬ የሻረግ «ለእኔ» አይሉም። አምስቱንም ይዘው ይሄዳሉ።

አንዱን ይቀቅላሉ። የቀሩት ቅርጫት ውስጥ ሆነው ይጠብቃሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ይጠብቃሉ። ሲሰለቻቸው ያበቅላሉ።

አንድ ሐሙስ ቀን፣ እትዬ የሻረግ አምስት አዳዲስ ድንቾች ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ትክ ብለው አዩአቸው።

«እናንተስ አትበቅሉም» አሏቸው።

ወንበር ላይ ወጥተው ከቁም ሳጥኑ አናት ትልቁን ድስት አወረዱ። ሦስት ዓመት ሙሉ አልወረደም ነበር። አቧራው! ሃጥሽ!

አምስቱንም ድንች ላጡ። ፍቅ! ፍቅ! ፍቅ! ፍቅ! ፍቅ!

አንድ ሙሉ ሽንኩርት ከተፉ። ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ! ለነገ የተረፈ የለም።

ትልቁ ድስት ፈላ። ድምፁም ትልቅ ነበር። ቡክ! ቡክ! ቡክ!

ድንቹ በእርድ ቢጫ ሆነ። እትዬ የሻረግ ቃሪያ ጣል አደረጉበትና ምድጃውን አጠፉ።

«ዛሬ አንድ ሰው እንኳ አብሮኝ ከበላ፣ ጥሩ» አሉ ለራሳቸው። «ካልበላ ግን፣ ከነገ ጀምሮ ምድጃ አላበራም። ዳቦ በሻይ ይበቃኛል። ቆሜ እበላለሁ፣ እንደ ፈረስ!»

ቀልዳቸውን አልነበረም።

በራቸውን ወለል አድርገው ከፈቱት። ጠረጴዛውን ጎትተው በሩ ላይ አደረጉት። ኪርርር! ድስቱን አስቀመጡ፣ እንጀራውን ዘረጉ፣ ደረጃ ደረጃውን እያዩ ተቀመጡ።

ዱብ! ዱብ! ዱብ! ሰው መጣ።

አራተኛ ፎቅ የምትኖረው መምህርት ሰናይት ናት። የተማሪዎቿን ደብተር እስከ አገጯ ድረስ ተሸክማለች።

«እንብላ!» አሉ እትዬ የሻረግ።

«በልቻለሁ! ይባረክ!» አለች መምህርት ሰናይት።

ሆዷ ግን «ጉርርር!» አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ትልልቅ ሰዎች «እንብላ!» ሲባሉ «በልቻለሁ!» ይላሉ። ሳይበሉም «በልቻለሁ!» ይላሉ። ይህ ጨዋነት ይባላል። ማን እንዳመጣው አላውቅም።

መምህርት ሰናይት ወደ ላይ ወጣች። ዱብ… ዱብ… ዱብ…

ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት ወፍራም ነበር። አሁን ትንሽ ቀጠነ።

ዱብ! ዱብ! ዱብ! ሌላ ሰው መጣ።

የግቢው ጥበቃ፣ ጋሽ በዳዳ ናቸው። ጣሪያ ላይ ያለውን የውሃ ታንከር ሊያዩ ነው።

«ጋሽ በዳዳ፣ እንብላ!» አሉ እትዬ የሻረግ።

«ኧረ በልቻለሁ! ይባረክ!» አሉ ጋሽ በዳዳ። ዓይናቸው ግን ከድስቱ ላይ አልተነሣም።

ሆዳቸውም፦ ጉርርር!

«ሆድዎ ምን አለ?» አሉ እትዬ የሻረግ።

«የእኔ ሆድ? ምንም አላለም። ታንከሩ ነው። ውሃ ሲያልቅበት እንዲህ ይጮኻል።»

«ታንከሩ ቀበቶ ታጥቋል እንዴ?»

ጋሽ በዳዳ ሆዳቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። ሳቁና፣ እሳቸውም ወጡ። ዱብ… ዱብ… ዱብ…

እንፋሎቱ በጣም ቀጠነ። እንደ ክር ሆነ።

ዱብ! ዱብ! ዱብ! አሁን ደግሞ አንድ ፍራሽ መጣ።

ፍራሹን የተሸከመ ሰው ከሥሩ አለ። የሚታየው እግሩ ብቻ ነው።

«እንብላ!» አሉ እትዬ የሻረግ ለፍራሹ።

«በልቻለሁ! ይባረክ!» አለ ፍራሹ።

«ጉርርር!» አለ ፍራሹ።

ፍራሹም ግድግዳውን እየገፋ ወጣ። ዱብ… ዱብ… ዱብ…

ከዚያ በኋላ ደረጃው ዝም አለ።

እትዬ የሻረግ ጠበቁ። ዝንብ መጣች፤ እሷን አልጋበዟትም። ደግሞ ጠበቁ።

እንፋሎቱ ጠፋ። ወጡ ቀዘቀዘ።

እትዬ የሻረግ ክዳኑን አነሡ፤ ድስቱን ሊከድኑት ነው። «ዳቦ በሻይ» አሉ ቀስ ብለው። ለማንም አልነበረም የተናገሩት።

ያኔ የፊት ለፊቱ በር ተከፈተ። ሲጥጥጥ!

በሩ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ቆማለች። ኤልዳና ትባላለች፤ አምስት ዓመቷ ነው። ጉንጯ በሽሮ ተነፍቷል።

ከኋላዋ እናቷ ትርሲት ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ምሳ ትበላለች።

ኤልዳና ጠረጴዛውን አየች። ድስቱን አየች። እትዬ የሻረግን አየች። እናቷ እንዳስተማረቻት፣ ጮክ ብላ «እንብላ!» አለች።

እትዬ የሻረግ ሳያስቡት አፋቸው ተከፈተ። «በልቻ…»

ሆዳቸው «ጉርርርርር!» አለ። ከሁሉም ሆድ ይበልጥ ጮኸ።

እትዬ የሻረግ አፋቸውን ዘጉ። እሳቸውስ ስንት ጊዜ «በልቻለሁ» ብለዋል? ስንት ሰው በር ላይ? እንዲያ ብለው፣ ቤታቸው ገብተው፣ ብቻቸውን በልተዋል።

መምህርት ሰናይት ጨዋ ናት። ጋሽ በዳዳ ጨዋ ናቸው። ፍራሹ ጨዋ ነው። እትዬ የሻረግም ጨዋ ናቸው።

ጨዋው ሁሉ ርቦታል።

አንድ ሰው ጨዋነቱን መተው ነበረበት። ሌላ ሰው ደግሞ አልነበረም።

«እሺ» አሉ እትዬ የሻረግ።

ትርሲት ማኘኳን አቆመች። ኤልዳና ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ! ‹እሺ› አሉ! አሁን ምን ይባላል?»

ትርሲት ይህን ለልጇ አላስተማረቻትም ነበር። ለእሷም ያስተማራት የለም።

«ይ… ይግቡ እንጂ እትዬ!» አለች ብድግ ብላ። «ሽሮ ብቻ ነው እኮ! እሱም ሊያልቅ ነው! ቤቱም አልተጠረገም!»

«ድንች አለኝ» አሉ እትዬ የሻረግ።

ትልቁን ድስት በሁለት እጃቸው አነሡ። ከበር እስከ በር አራት እርምጃ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ተራምደውት አያውቁም።

አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።

ጫማቸውን አወለቁ። ምንጣፉ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጉልበታቸው «ቋ!» አለ።

ትርሲት ድንቹን አሙቃ ከሽሮው አጠገብ አወጣችው።

«የልጅ ጫጫታ አይወዱም ብዬ እኮ ነው የማልጠራዎት» አለች ትርሲት።

«ማን አለሽ?»

«በርዎ ሁልጊዜ ዝግ ነው።»

«ያንቺስ?»

ትርሲት አንገቷን ደፋች። «የእኔም» አለች።

ኤልዳና ሽሮዋን ዋጠች። «እትዬ፣ ለምን ብቻዎን ይበላሉ?»

«ኤልዳና!» አለች እናቷ። «ዝም በይ!»

«ተያት» አሉ እትዬ የሻረግ። የያዙትን እንጀራ አስቀመጡ። «ሰው ስለሌለኝ ነው።»

«ሰዎቹ የት ሄዱ?»

«አንዳንዱ ሞተ። አንዳንዱ አገር ጥሎ ሄደ። አንዳንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ቀረ።»

ኤልዳና አሰበች። «ዝም ብሎ የቀረው ክፉ ነው» አለች።

«እኔም እንደሱ ነው የምለው» አሉ እትዬ የሻረግ።

ኤልዳና ከእንጀራው ትልቅ አድርጋ ቆረሰች። ድንች ጨመረችበት። ሽሮ ጨመረችበት። ደግሞ ድንች ጨመረችበት። በትንሽ እጇ ጠቀለለችው፤ እጇ ግን አልበቃትም።

«አፍዎን ይክፈቱ!»

«ይኼ ሁሉ? አፌ እኮ የመኪና በር አይደለም!»

«ይክፈቱ! አአአ!»

እትዬ የሻረግ አፋቸውን ከፈቱ። አአአ!

ጉርሻው ገባ። ግማሹ ገባ። ግማሹ አገጫቸው ላይ ቀረ።

እትዬ የሻረግ አኘኩ፣ አኘኩ፣ አኘኩ። የሰው እጅ ካጎረሳቸው ስንት ዓመት እንደሆነ ሊቆጥሩ ሞከሩ። ቁጥሩ ጠፋባቸው።

«ዓይንዎ ለምን ውሃ ሆነ?» አለች ኤልዳና።

«ቃሪያው ነው።»

ቃሪያው አያቃጥልም ነበር። ትርሲት አወቀች፤ ግን ውሃ ቀዳችላቸው።

ከዚያ ወሬ መጣ። ኤልዳና ስለሚነቃነቀው ጥርሷ አወራች። ትርሲት ስለ ባሏ አወራች፤ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። እትዬ የሻረግ ልጅ ሳሉ ከሾላ ዛፍ ላይ ስለ መውደቃቸው አወሩ።

«አለቀሱ?» አለች ኤልዳና።

«እኔ? ዛፉ ነው እንጂ ያለቀሰው!»

የኤልዳና የእንቅልፍ ሰዓት ደረሰ። «አልተኛም!» አለች። «እትዬ ካልተኙ አልተኛም!»

«እኔ ቀን አልተኛም» አሉ እትዬ የሻረግ። «አሁን ተነሥቼ ቤቴ እገባለሁ።»

ግን አልተነሡም። ግድግዳውን ደገፍ አሉ። ኤልዳና ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አደረገች።

ወጥ ቤት ውስጥ ትርሲት ሰሃን ታጥባለች። ሿ… ሿ… ሿ…

እትዬ የሻረግ አዳመጡ። በአንድ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ሰሃን ሲያጥብ መስማት እንዲህ ደስ ይላል እንዴ? ረስተውት ነበር።

«እትዬ» አለች ኤልዳና ዓይኗን ጨፍና። «ነገስ?»

«ነገ እናንተ ናችሁ የምትመጡት።»

«እማዬ ‹በልተናል› ትላለች።»

«ትበል! አንቺ ‹እሺ› በይ።»

«ትቆጣኛለች።»

«ከዚያ ለእኔ ንገሪኝ።»

ሿ… ሿ… ሿ…

ትርሲት እጇን እያደረቀች ስትመለስ ሁለቱም ተኝተዋል። ከሁለቱ አንዱ ያንኮራፋል። ኽርርር! ማን እንደሆነ አልነግራችሁም።

ትርሲት ጋቢ አምጥታ ሁለቱንም አለበሰቻቸው።

ዱብ! ዱብ! ዱብ! ፍራሹን የወሰደው ሰው ከላይ እየወረደ ነው።

ትርሲት ሮጣ በሩ ላይ ቆመች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ሽሽሽ! ሰው ተኝቶብኛል» አለችው።

ሰውየው ጫማውን አወለቀ። በእጁ ያዘው። በእግሩ ጣቶች ብቻ፣ ቀስ… ቀስ… ቀስ… እያለ ወረደ።