ድጋፉን ማን አነሳው?

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቹ ገና ከመጭመቂያ ማሽኑ፣ ከፕሬሱ ሥር ነበር። ለፋብሪካዎች የዕቃ ቅርጽ ማውጫ ፎርማ በሚሠራበትና በሚጠገንበት በዚያ ጠባብ ወርክሾፕ፣ ባለቤቱ አንዱን ፎርማ ሊያይ አንገቱን እንዳስገባ የፕሬሱ የላይኛው ብረት ወርዶበታል።

«ድጋፉን ማቆም ረስቶ ነው» አለ ታናሽ ወንድሙ። መቁረጫዎችን በድንጋይ የሚስለው እሱ ነው።

ድጋፉ ክንድ የሚያህል ዘንግ ነው፤ በጥገና ጊዜ ከባዱ ብረት እንዳይወርድ ከሥሩ ይቆማል። አሁን ግን ከሰው ቁመት በላይ፣ ግድግዳው መንጠቆ ላይ ተሰቅሏል።

መርማሪዋ ወደ ሟቹ ሚስት ዞረች። «ባለቤትዎ እጃቸውን እንደ ልብ ያነሱ ነበር?»

«ኧረ የት! ትከሻው ከተጎዳ ወዲህ ሸሚዝ የማለብሰው እኔ ነኝ።»

እዚያው የሚሠራው የልጃቸው ባል ቀጠለ። «ዛሬ ጠዋት ዘንጉን ጠርጌ እንዳይዝግ አዲስ ግሪስ ቀባሁት። ፕሬሱ አጠገብ አስቀመጥኩላቸውና ዕቃ ላደርስ ወጣሁ።»

«አንተስ?» አለች መርማሪዋ ወደ ታናሽ ወንድሙ ዞራ።

«እኔ ዛሬ በእጄም አልነካሁት» አለ ታናሽየው። «ውጭ፣ በሩ ላይ ነበርኩ።»

መርማሪዋ ወንበር ላይ ወጥታ ዘንጉን ሳትነካ በደንብ አየችው። ከዚያ ሦስቱንም ሰበሰበች።

«አልረሱትም። ግሪሱ በሁለቱም ጫፍ ተጨፍልቋል፤ ዘንጉ ዛሬ ክብደት ተሸክሟል ማለት ነው። የሰቀሉትም እሳቸው አይደሉም፤ እጃቸው አይደርስም። አንድ ሰው ብረቱን በፕሬሱ የእጅ ፓምፕ ትንሽ ከፍ አደረገ፤ ድጋፉን አወጣ፤ ከዚያ ብረቱን ለቀቀው።»

«ማን?» አለች ሚስትየዋ።

«አዲሱ ግሪስ ላይ የመሳያ ድንጋይ ዱቄት የያዙ ጣቶች ታትመዋል። እዚህ ቤት በድንጋይ የሚስል አንድ ሰው ነው። እሱም ዛሬ አልነካሁትም ብሎኛል።»

ታናሽየው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ማሽኖቹን ሊሸጥ ነው። ‹ሌላ ሥራ ፈልግ› አለኝ። እኔ ከዚህ ሌላ ምን አውቃለሁ? ብረቱን ትንሽ ከፍ አድርግልኝ ሲለኝ... እጄ ቀደመኝ።»

«ወዶ መሰለህ?» አለች ሚስትየዋ። «ፋብሪካዎቹ ፎርማ ከውጭ እያስመጡ፣ ማን ሥራ ይሰጠናል? እንዴት እንደሚነግርህ ጨንቆት ስንት ሌሊት አልተኛም።»

ታናሽየው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ከጡቴ አልጠባህም እንጂ ልጄ ነህ፤ አዝዬ ነው ያሳደግኩህ» አለችው። «አንዱን ለመሬት፣ አንዱን ለእስር ቤት ሰጥቼ እኔስ የት ልግባ?»

መርማሪዋ ካቴናውን አወጣች።